የሰው አገር ሾፌርና የእኛ ሳቅ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ሲመላለስ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ዐይኑ የሚያርፈው በምግቡና በልብሱ ላይ ነው ይባላል። እኛ ግን ከልምዳችን እንደ ተረዳነው፥ ዐይን በምግብና በልብስ ላይ የሚያርፈው ሰውዬው ከአውቶቡስ በደኅና ከወረደ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚመለከተው ሾፌሩን ብቻ ነው። የባዕድ አገር ሾፌር መሪ አያያዙ፥ ጡሩምባ አነፋፉና ኩርባ አዟዟሩ መንገደኛው ለዘመዶቹ የሚያወራው የመጀመሪያው ወሬ ይሆናል። እኛም በሱዳን ምሥራቃዊ ክፍል ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ለማጫወት ብዕራችንን ስናነሣ ለመሳቅ አስበን ነበር፤ ዳሩ ግን ሳቁ እስከ መጨረሻው ድረስ አልተከተለንም። ስለምን እንዳልተከተለን ታሪኩ ራሱ ይናገራል።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. በየካቲት ወር ነው። በመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ገዳሪፍ ተልከን፥ በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግረን፥ ጋላባትን አልፈን ከተማዪቱ ደረስን። ሥራችንን ፈጽመን ሁለት ቀን ስለ ተረፈን፥ በኸሽም ኤል ቂርባ ለብዙ ዘመን የኖሩትን አክስታችንን ለመጠየቅ አሰብን። አሞይ (በትግርኛ አክስታችንን የምንጠራው እንዲህ እያልን ነው) በ1967 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳሉ ከጦርነት ሸሽተው ወደ ሱዳን የተሻገሩ፥ እዚያው አግብተው፥ እዚያው ወልደው፥ ቡና እያፈሉ በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው።

የከተማዪቱ ስም ለጆሯችን እንግዳ ቢመስልም ትርጉሙ ቀላል ነው። ኸሽም በሱዳኖች ዐረብኛ አፍ ማለት ነው፤ ቂርባ ደግሞ ውሃ የሚያዝበት የቆዳ ስልቻ ነው። ቂርባ የሚለው ቃል ከእኛው ቁርበት ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ይመስለናል። እንግዲህ የስልቻ አፍ ማለት ነው። ከተማዪቱ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ በአትባራ ወንዝ ዳር ትገኛለች። የአትባራ ውሃም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ከጎንደር በኩል የሚወርደው ጓንግና ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜያችን የሚገናኙበት ወንዝ ነው። በዚህ ወንዝ ላይ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ግድብ ተሠርቶ ተፈጸመ። የግብፅ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ አገራቸውን ዋዲ ሐልፋን በውሃ የሚያሰጥምባቸው 50 ሺህ ያህል ኑብያውያን በዚያው ዓመት በባቡር እየተጫኑ መጥተው፥ በግድቡ ውሃ በሚለማው መሬት ላይ ሰፈሩ፤ ሰፈራቸውንም አዲሲቱ ሐልፋ አሉት። ስለዚህ አገሩ ከሩቅ የመጣ ሰው የሚበዛበት፥ እንግዳ የለመደ አገር ነው።

በማለዳ ወደ ገዳሪፍ መናኸሪያ ሄደን ሐፍላ ከሚሏቸው ትንንሽ አውቶቡሶች በአንደኛዪቱ ተሳፈርን። በስንት ሰዓት እንደምትነሣ ረዳቱን ብንጠይቀው «አሁን!» አለን። ይህ «አሁን» የእኛው «መጣሁ» ወንድም ነው፤ ሁለቱም ሰዓት መቍጠር አያውቁም። ወንበሩ እስኪሞላ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን፤ ከሞላም በኋላ ረዳቱ ገና አልሞላም ብሎ በወንበሮቹ መካከል በርጩማ እስኪደረድር ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በዚህን ጊዜ በልባችን «በእኛ አገር እኮ...» ብለን ጀመርንና ዐረፍተ ነገሩን ሳንጨርሰው ተውነው፤ በእኛ አገር እንዴት እንደ ሆነ ትዝ አለን።

በአንድ ነገር ግን በእውነት ቀናን። በአዲስ አበባ ከታክሲ መውረድ የፈለገ ሰው «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮኽ አለበት፤ በመቀሌም «ወራዲ ኣሎ!» ይባላል። ድምፁ ቀጭን የሆነ ሰው ሁለት ፌርማታ አልፎ መውረድ ዕድሉ ነው። በሱዳን ግን መውረድ የፈለገ ሰው አውራ ጣቱንና የመካከል ጣቱን አፋትጎ ቀጭ ያደርጋል፤ ሾፌሩም በሞተሩ ጩኸትና በዘፈኑ መካከል ያችን ድምፅ ለይቶ ሰምቶ ይቆማል። ይህ ጆሮ ምን ያህል የሠለጠነ ነው! ብለን አደነቅን። ምነው ዐይኑም እንደ ጆሮው በሠለጠነ ያልነው ከከተማ ከወጣን በኋላ ነው።

ሾፌራችን ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፥ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፥ ፊቱ የሚስቅ ሰው ነበር። ሱዳኖች ቱምባክ የሚሉትን ትንባሆ ከከንፈሩ ሥር አኑሯል። የቱምባክ ጠባይ በየጊዜው መትፋትን ይጠይቃል፤ ለመትፋትም ራስን በመስኮት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ራሱ በወጣ ጊዜ መኪናዪቱን የሚነዳት ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ድረስ አልገባንም። ሲያሽከረክርም በአንድ እጁ ሻይ፥ በአንድ እጁ ስልክ ይይዝ ነበር። ሦስተኛ እጅ ለፈጣሪ የተተወ ነው።

ከገዳሪፍ የሚነሣው መንገድ የሚያልፈው በዋልካ ሜዳ ላይ ነው። ማሽላውና ሰሊጡ ታጭዶ ስለ ነበር ሜዳው እንደ ገበታ ተዘርግቶ ይታያል። ዛሬ አውራ ጎዳናው ሬንጅ የፈሰሰበት ቢሆንም፥ ቀድሞ ካሚዮኖች በዚህ ሜዳ ላይ ሲሄዱ የተወሰነ መንገድ አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ ሾፌር የራሱን ፈለግ እያወጣ ይሄድ ነበር፤ በክረምት ደግሞ ዋልካው ጎማ ሲይዝ ቀኑም ሌሊቱም እዚያው ይቀር ነበር። ያ ልማድ ሬንጁ ከፈሰሰ በኋላም ፈጽሞ አልጠፋም። ሾፌራችን ከፊቱ የሚሄደውን ለማለፍ በግራ ቦታ ባጣ ጊዜ በቀኝ በኩል ወደ ሜዳው ወጥቶ፥ አቧራ አልብሶን፥ ከፊት ለፊት ተመልሶ ይገባ ነበር። ቀኝና ግራ ለእርሱ የምርጫ ጉዳይ ነበሩ። የሚወደው ግን መካከሉን ነው። ነጩ መሥመር በመንገዱ መካከል የተቀባው፥ ሾፌሩ ከሁለቱ ጎማዎቹ መካከል እንዲያስገባው ይመስል ነበር።

ከእርሱ ጠባይ የበለጠ ያሳቀን ሰላምታው ነው። ከወደ ከሰላ የሚመጣ ሌላ ሐፍላ ስናገኝ ሁለቱ ሾፌሮች ተያይተው በአውራ ጎዳናው መካከል ጎን ለጎን ቆሙ። «ኬፍ? ተማም? ልጆቹስ? አልሐምዱሊላህ፤ አባትህስ? አልሐምዱሊላህ» እየተባባሉ እስከ አጎት ድረስ ወረዱ። ከኋላችን የደረሰው ትልቅ ካሚዮን ቆመ። አሁን ይሳደባል፥ ጡሩምባውን ይነፋል ብለን ስንጠብቅ፥ ሾፌሩ ራሱን በመስኮት አውጥቶ እርሱም ስለ አባትየው ጤንነት ጠየቀ። ከካሚዮኑ ኋላ ደግሞ የግመል መንጋ ደርሶ ነበር። ግመል ፍሬቻ የለውም፤ ወዴት እንደሚታጠፍ አይናገርም፤ ሆኖም በዚያን ዕለት በመንገዱ ላይ ቀኙን ይዞ ሲሄድ ያየነው እርሱን ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅን ነበር። ወደ አትባራ ወንዝ ስንቀርብ ግን ሜዳው እያለቀ፥ ጎርፍ የቦረቦረው ገደላ ገደል ጀመረ። ተሳቢ የሚጎትት ረጅም ካሚዮን ከፊታችን ነበር። ሾፌራችን ዳገቱ ላይ፥ ከወዲያ የሚመጣው ሳይታየው፥ ሊያልፈው ወጣ። እኩል በሆንን ጊዜ ከዳገቱ አናት ላይ ሌላ መኪና ብቅ አለ። የፍሬኑ ጩኸት፥ የሴቶቹ ጩኸትና የጡሩምባው ጩኸት አንድ ላይ ሆነ። እንዴት እንደ ተረፍን አላየንም፤ ዐይናችንን ጨፍነን ነበርና። ስንገልጠው ከመንገዱ ወጥተን በጠጠር ላይ እየሄድን ነው። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ፥ እየሳቀ፥ «ማፊ ሙሽኪላ!» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን።

በዚያ ዝምታ መካከል ከኋላ ወንበር አንዲት ድምፅ ተሰማች፤ ቀጭ!

ጣታቸውን ያጮኹት ቶባቸውን የተከናነቡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሾፌሩ ቆመ፤ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ቤት የለም፥ ዛፍም የለም። «ሐቦባ፥ እዚህ መንደር የለም እኮ» አላቸው። ሐቦባ ማለት አያቴ ሆይ እንደ ማለት ነው። አሮጊቲቱም እንዲህ አሉት፤ «መንደር እንደሌለ አውቃለሁ፥ ልጄ። የምወርደው ግን እዚሁ ነው። እኔ መቀበር የምፈልገው ከዘመዶቼ ጋር ነው፤ እነዚህን ሁሉ ሰዎች አላውቃቸውም።» ተሳፋሪው ሳቀ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ዘንቢላቸውን ይዘው ተነሡ። ሾፌሩ ደንግጦ ይለምናቸው ጀመር። በመጨረሻ «ወይ እኔ እወርዳለሁ፥ ወይ ፍጥነትህ ይውረድ» አሉት። እርሱም እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ «ሐድር ያ ሐቦባ» አለ፤ እሺ፥ እንደ ቃልዎ ማለቱ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ኸሽም ኤል ቂርባ ድረስ ቀኙን ይዞ፥ ሻዩን አስቀምጦ፥ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ ነዳ። አሮጊቲቱም ተኙ።

እኛ ግን እንቅልፍ አልመጣልንም። ብዙ ዓመት በትምህርት ቤት የተቀመጥን፥ ደንብና መመሪያ እያነበብን እንጀራ የምንበላ ሰዎች፥ ፊደል ያልቈጠሩ የምትመስል አንዲት አያት የተናገሩትን ለመናገር ስለምን አልደፈርንም? እንግዳ ስለ ሆንን ነው ብለን ራሳችንን ልናጽናና ሞከርን፤ ነገር ግን በአገራችንም ሳለን ተናግረን እንደማናውቅ ሕሊናችን መሰከረብን። በዓባይ በረሃ ቁልቍለት፥ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ፥ በአላማጣ ዳገት ነፍሳችን በአፍንጫችን ሲመጣ መቀመጫውን ጨብጠን ዝም ብለናል። ይሉኝታ ይዞን፥ ፈሪ እንዳንባል ብለን፥ ሾፌሩ እንዳይቀየም ብለን ነው።

አሞይ በደስታ ተቀበሉን። ከቡናው ጋር ዝንጅብል እየወቀጡ ሳለ በመንገድ ያየነውን አጫወትናቸው፤ በሾፌሩ ላይ ሳቅን። ከጎረቤት ሊጠይቁን የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት በቤድፎርድ ካሚዮን ሾፌርነት የሠሩ ሐጂ ናቸው። መካከሉን ስለሚይዙት ሾፌሮች ስንነግራቸው ጺማቸውን እየደባበሱ እንዲህ አሉን፤

«የመካከሉን ነገር እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት። ቀድሞ እናንተም በግራ ትሄዱ ነበር፤ እኛም እንግሊዝ እንዳስተማረን በግራ እንሄድ ነበር፤ ሰላም ነበር። በኋላ የእናንተ መንግሥት ወደ ቀኝ ዞረ፥ የእኛ በግራው ቀረ። እኔ ያን ጊዜ ወደ ጋላባት እመላለስ ነበር። ድንበር ላይ የሚገናኘው ሾፌር ሁሉ፥ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆኖ ፊት ለፊት ይፋጠጣል። ምን እናድርግ? ሁለቱንም መንግሥት ላለማስቀየም ብለን መካከሉን ያዝን። በኋላ የእኛም መንግሥት ወደ ቀኝ ዞረ፤ እጅ ግን መካከሉን ለምዶ ነበር። ልጆቻችንም ከእኛ ተማሩት።»

ኋላ ዘመኑን ብንመረምር የሐጂው ጨዋታ መሠረት ያለው ሆኖ አገኘነው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ሱዳን ደግሞ ነሐሴ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከዘጠኝ ዓመት በላይ በጋላባትና በመተማ መካከል የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ነበር። ነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰም አይደለም፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናይጄሪያ በ1972፥ ጋና በ1974 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ዞረዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ አስተማሪያችን ስለ ስዊድን አገር ያጫወቱን ነገርም ያን ጊዜ ትዝ አለን። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መስከረም 3 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲሆን በመንገድ ላይ ያለ መኪና ሁሉ ቆመ፤ በጥንቃቄ ወደ ቀኙ ተሻገረ፤ ልክ 11 ሰዓት ሲሆንም ጕዞው ቀጠለ። አንድ አገር ሙሉ ልማዱን ለመለወጥ ያስፈለገው አሥር ደቂቃ መቆም ነበር፤ እርግጥ ከዚያ በፊት ለብዙ ጊዜ ሕዝቡን አስተምረዋል። መቆም ከመሄድ የሚበልጥበት ጊዜ መኖሩን ያስተማሩን እኒያ አስተማሪ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ሳቅ መካከል አሞይ ዝም ብለው ነበር። ሦስተኛውን ቡና ከቀዱ በኋላ ግን በትግርኛ «ወደይ፥ ባለቤቴ እንዴት እንደ ሞተ ታውቃለህን?» አሉን። በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ሰምተን ነበር፤ ከዚያ ያለፈ አናውቅም።

«በ1979 ዓ.ም. ነው» አሉ አሞይ። «ከከሰላ ሸቀጥ ጭኖ በቤድፎርድ ላይ ተቀምጦ ሲመጣ መሸበት። ከእነርሱ በፊት ያለፈ አንድ ካሚዮን ጎማው ፈንድቶ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ሌላ ሰው እንዳይገጨው ብሎ ትልልቅ ድንጋይ በመንገዱ ላይ ደረደረ። ጎማውን ለወጠና ሄደ፤ ድንጋዩ ቀረ። የእነርሱ ሾፌር ደግሞ አምፖል እንዳይቃጠልብኝ ብሎ መብራቱን እያጠፋ ነበር የሚነዳው። ድንጋዩን ሳያዩት ወጡበት፤ ካሚዮኑ ተገለበጠ። ድንጋዩን ያኖረው ሰው ክፉ አልነበረም፥ ወደይ። ነፍስ ለማዳን ነው ያኖረው። ማንሣቱን ብቻ ረሳ። በክፋት የገደለ ሰው ይፈለጋል፥ ይታሰራል፤ በመርሳት የገደለውን ግን ራሱም አያውቀውም። ምናልባት ዛሬም በዚህ መንገድ እየተመላለሰ በሌሎች ሾፌሮች ላይ ይስቃል።»

ሐጂው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እኛም የያዝነው ስኒ ከበደን። ድንጋይ መደርደርና ሳያነሡ መሄድ የሱዳን ሾፌር ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በእኛ ዳገትና ቁልቍለት ጎማ የተደገፈባቸው፥ ባለቤታቸው ጥሏቸው የሄደ ድንጋዮች ጥቂት አይደሉም። «የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች» ያሉት አባቶቻችን እኛን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን በቍጥር ለሚወድ አንባቢ ጥቂት ሒሳብ እንጨምር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ብቻ 22 ሜትር ያህል ያልፋል። ሾፌሩ ድንጋዩን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ይህች ሴኮንድ ታልፋለች፤ ፍሬኑ ከተረገጠም በኋላ መኪናው ወዲያው አይቆምም፥ ሌላ ብዙ ሜትር ይንሸራተታል። ዝቅ ተደርጎ የበራ የመኪና መብራት ደግሞ አጥርቶ የሚያሳየው ከዚህ እምብዛም የማይርቀውን ነው። ስለዚህ በሌሊት በመንገድ ላይ የቀረ ድንጋይ ሾፌሩ ባየው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል። በመብራት የሚነዳው ይህን ያህል ከተቸገረ፥ አምፖል ቆጣቢው ምን ይሆናል? የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከአሥሩ ሟቾች ዘጠኙ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ይልቅ የሚገድላቸው ይኸው ነው። አምፖል ለመቆጠብ የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

በማግሥቱ አሞይን ተሰናብተን ተመለስን። ገዳሪፍ፥ ጋላባት፥ ከዚያ መተማ። ድንበሩን ተሻግረን የአገራችንን አፈር በረገጥን ጊዜ «እንግዲህ ከሰው አገር ሾፌር ተገላገልን» ብለን ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። የእኛ ሾፌር ጀለቢያ አልለበሰም፥ ቱምባክም የለውም፤ ጫት ግን ነበረው። መካከሉንም እንደ ርስቱ ይዞት ነበር። ወደ ገንዳ ውሃ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳብን። ረዳቱ ወርዶ ከኋላ በኩል አራት ትልልቅ ድንጋዮች በሬንጁ ላይ ደረደረ። ጎማው ተለወጠ። ሁላችንም ገባን። ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ሾፌሩም ማርሽ አስገባ።

ወደ ኋላ ዞረን በመስኮት ተመለከትን። ድንጋዮቹ እዚያው ናቸው። ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላለች። ጣታችንን ቀጭ አደረግን፤ ማንም አልሰማም፤ ይህ አገር ሱዳን አይደለምና። ስለዚህ በአገራችን ልማድ፥ ባለን ድምፅ ሁሉ «ወራጅ አለ!» ብለን ጮኽን።

ረዳቱ ግራና ቀኙን አየ፤ ቍጥቋጦ ብቻ ነው። «ወዴት ነው የምትወርደው ወንድሜ?» አለ። «ወደ ድንጋዮቹ» አልነው። ተሳፋሪው ሳቀ። ሾፌሩም «የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነህ እንዴ? ይመሻል፥ እንሂድ!» አለ። ወረድን። ፊታችን በእፍረት እየጋለ ሁለተኛውን ድንጋይ ስናነሣ፥ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከኋላችን መጥተው ሦስተኛውን አነሡ። አራተኛውን ረዳቱ ራሱ መጥቶ ወደ ቦዩ አንከባለለው። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚህ በኋላ ሾፌሩ ተጸጽቶ ቀስ ብሎ ነዳ ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ እንዲያውም የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ብሎ ፍጥነቱን ጨመረ። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ባለ ጋቢው አባት «ቀስ በል፥ ልጄ» አሉት። በሁለተኛው ኩርባ ሕፃን ያዘለች ሴት «ኧረ በልጄ አምላክ!» አለች። በሦስተኛው ላይ እኛም የሐቦባን ቃል ተውሰን «ወይ እኛ እንወርዳለን፥ ወይ ፍጥነትህ ይውረድ» አልነው። ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ይናገር ጀመር። ሾፌሩ እየተነጫነጨ፥ «ሠርግ ይመስል!» እያለ፥ ቀነሰ። ሁላችንም ጎንደር ገባን።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ድንበር ብዙ ነገር ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ሲሻገሩ፥ ከድንበር ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ የተጓዙት በአውቶቡስና በካሚዮን ተጭነው ነው። መካከሉን የሚይዙ፥ በመንገድ ቆመው ስለ አባት ጤንነት የሚጠያየቁ እነዚያ ሾፌሮች የእኛን ሰው ተሸክመው አሻገሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ሸሺው ራሱ ሱዳናዊው ሆነ፤ ብዙው ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ተሰደደ፤ ሌላው በመተማ በኩል ወደ እኛ መጣ። ስለዚህ ከዚህ በላይ የሳቅነው ሳቅ ዘመድ በዘመዱ ላይ የሚስቀው ሳቅ እንዲሆንልን እንለምናለን። የጠራንን ቤት እንዴት እናዋርዳለን?

አሞይን በስልክ ባገኘናቸው ጊዜ ከካርቱም የመጡ ቤተ ሰዎች በግቢያቸው እንደ ተጠለሉ ነገሩን። ስለ ራሳቸው ብዙ አላወሩም። ስንሰናበታቸው ግን «በመንገድ ስትሄድ ዝም አትበል፥ ወደይ» አሉን።

እኛም ለአንባቢዎቻችን የምናስተላልፈው ከዚህ የበለጠ ምክር የለንም። ሾፌር ብቻውን መጥፎ ሾፌር አይሆንም፤ ዝም የሚል ተሳፋሪ ያስፈልገዋል። ነገ በጕዞ ላይ ሳላችሁ ሾፌሩ በዳገት ላይ ለማለፍ ቢወጣ፥ ወይም ድንጋዩን ጥሎ ለመሄድ ማርሽ ቢያስገባ፥ ይሉኝታችሁን ወንበራችሁ ላይ አኑራችሁ «ወራጅ አለ!» በሉ። ወዴት ነው ቢሏችሁ፥ መልሱን ታውቁታላችሁ።